«ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለሽም» ተባልኩ፤ ታዲያ እረፍት የለኝም?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ምክሮችዎን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ባሕር ዳር የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዕድሜዬ 31 ነው፣ አላገባሁም። በሌላ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ፤ ለትምህርት የላከኝ እሱ ነው፣ ደሞዜም አልተቋረጠም። ጥናቴ በጣና የውሃ ጥራት ላይ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሁለት ቀን በጀልባ ወጥቼ ናሙና እቀዳለሁ። ከዚያ ላብ (ላቦራቶሪ) እገባለሁ። ሌላው ጊዜዬ ንባብና ጽሑፍ ነው።

ቤተሰቦቼ ያሉት ዳንግላ ነው። ከዚህ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እቤት ገብቼ ካደርኩ ግን ዓመት ከስምንት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ መንገዱ ይዘጋ ነበር። በኋላ ሲከፈትም አልሄድኩም። ያሳደገችኝ አያቴ ኅዳር መጨረሻ ላይ አረፈች። ለቀብሯ ጠዋት ሄጄ ማታውኑ ተመለስኩ።

ተዝካሯ የገና በዓል ባለፈ በአራተኛ ቀኑ ነበር። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው አማካሪዬን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና «ለበዓሉ ጥቂት ቀን ቤተሰብ ጋ ብሄድስ?» አልኳቸው። «ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለሽም፤ ናሙናውስ?» ብለውኝ ክፍል ገቡ። እኔም ቀረሁ። ተዝካሩ ዕለት ጀልባ ላይ ነበርኩ። በማግስቱ እናቴ ድፎ ዳቦ በሚኒባስ ላከችልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል ኮባው ገና እርጥብ ነበር። ለአራት ቀን ብቻዬን በላሁት።

የአክስቴ ልጅ ባንክ ትሠራለች፤ የዓመት ፈቃዷን ቀን ቆጥራ ትወጣለች። እንግሊዝ ዶክትሬቷን የምትሠራ ጓደኛዬ በዓመት እስከ 8 ሳምንት እረፍት አለኝ አለችኝ። እኔስ? መብት አለኝ ወይስ ልመና ነው? ለፋሲካ 10 ቀን እፈልጋለሁ። ግን መጠየቁን ሳስበው ገና እፍረት ይይዘኛል። ሄጄም ሰላም የማገኝ አይመስለኝም። ጣናን ራሱ አሁን የማየው በጠርሙስ ነው።

ጣናን በጠርሙስ የማየው፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣

በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጥናሽ። ብዙ ሰው እንዲህ ያላለሽ ይመስለኛል፤ ለቀብር ጠዋት ሄዶ ማታ የተመለሰን ሰው ማንም ተቀምጦ አያስተዛዝነውም። ለቅሶ ቤት መዋል፣ ማደር፣ ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ እዚያው መገኘት አለ። ያ ሁሉ አምልጦሻል።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም የቆምኩት ድፎው ላይ ነው። የተዝካር ዳቦ ብቻውን የሚበላ ምግብ አይደለም። ተቆርሶ «ነፍሷን ይማር» እየተባለ ለሰው የሚታደል ነው። አንቺ ግን ዶርም ውስጥ፣ ኮባው እየደረቀ፣ አራት ቀን በላሽው። ጥያቄሽ ስለ መብት ቢሆንም ሐዘንሽ አብሮት አለ። ሁለቱንም ላያቸው እሞክራለሁ።

ከአማካሪሽ መልስ ልጀምር። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢመስልም ውስጡ ሁለት ነገር አለ። «ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለሽም» አንዱ ነው። «ናሙናውስ?» ሌላው ነው። የመጀመሪያው አቁስሎሻል፣ ይገባኛል። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬም መልስ አላገኘም። ነገሩ የሚከፈተው በዚህ በኩል ይመስለኛል፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሕጉን ነገር እንይ። የአክስትሽ ልጅ ቀን ቆጥራ የምትወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስላለ ነው። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያገኛል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት 3 የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይፈቀድለታል፤ አያትም እዚህ ውስጥ ትገባለች። በየሳምንቱም ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ እረፍት አለው። አዋጁ የተጻፈው ግን አሠሪና ሠራተኛ ለሚባሉ ነው። ተማሪና አማካሪ በዚህ አይተዳደሩም። ስለዚህ አማካሪሽ ዶክተሩ በሕጉ ቋንቋ ከተናገሩ አልዋሹም።

ግን ሠራተኛ ስላልሆንሽ እረፍት አይገባሽም ማለት አይደለም። ስለ እረፍትሽ የሚናገረው ወረቀት ሌላ ነው ማለት ነው። ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን ወረቀት ሳያይ ይመረቃል።

ኮርስ ላይ እያለሽ የአካዳሚክ ካላንደሩ ይጠብቅሽ ነበር። ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ሁሉም ይበተናል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ኮርሱ አልቆ ምርምር ስትጀምሪ ግን ካላንደሩ እጅሽን ለቀቀ። ደወል የለም፣ የሴሚስተር መዝጊያ የለም። ዛሬ እረፍት ነው የሚልሽ ሰው ጠፋ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሻንጣ እየጎተቱ ከፔዳ ግቢ በር ሲወጡ አንቺ ወደ ላብ ትገቢያለሽ። ይህ በአንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። የምርምር ተማሪ ሁሉ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። ከልካይ ሳይኖርም ሰው ራሱን ይከለክላል።

የቋንቋችንም ነገር ያሳዝነኛል። እረፍቱን «ፈቃድ» እንለዋለን። ቃሉ ራሱ ፈቃጅ ይፈልጋል። የተጻፈለት ሠራተኛ እንኳ «ፈቃድ ልጠይቅ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ያልተጻፈለት ተማሪማ እፍረት ቢይዘው ምን ይደንቃል?

ያንቺ ጉዳይ ደግሞ ሁለት ባርኔጣ አለው። እዚህ ተማሪ ነሽ። እዚያ፣ በላከሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሞዝ የምትቀበዪ አስተማሪ ነሽ። ለትምህርት ስትወጪ የፈረምሽው ውል አለ አይደል? ብዙ ሰው ከዚያ ውል የሚያስታውሰው ተመርቆ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ብቻ ነው። እስቲ አውጥተሽ አንብቢው። በትምህርት ላይ ሳለሽ የዓመት ፈቃድሽ ምን እንደሚሆን ይላል? ካልተጻፈ ለዚያው ተቋም የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱ ምንም ይሁን፣ የት እንደቆምሽ ታውቂያለሽ።

እዚህ በምትማሪበት በኩል የሚታየው የዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግና የድኅረ ምረቃ መመሪያው ነው። የትምህርት ክፍሉን የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ «ምርምር ላይ ያለ ተማሪ ለአጭር ጊዜ ሲለይ ማን ነው የሚያውቀው? ቅጽ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ክስ አይደለም፣ የአሠራር ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ግን አደራ። ሬጅስትራር ሄደሽ «እረፍት ፈልጌ ነበር» ብትዪ የዊዝድሮዋል ቅጽ የሚሰጥሽ ሊኖር ይችላል። እሱ ትምህርት ማቋረጫ ነው። ለከባድ ሕመም ወይም ለረጅም ችግር የተሠራ ነው፤ ለመመለስም እንደገና ማመልከት አለበት። ለአሥር ቀን ብለሽ እሱን እንዳትሞዪ።

የእንግሊዟ ጓደኛሽ ያለችው እውነት ነው። እዚያ በመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች በዓመት ቢያንስ 30 ቀን፣ እስከ 8 ሳምንት የሚደርስ እረፍት መውሰድ ይችላሉ። የሕዝብ በዓላቱ ግን በዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። የሚወስዱትም ከአማካሪያቸው ጋር ቀን ተነጋግረው ነው። እነሱም ተነስተው አይጠፉም። ልዩነቱ ቁጥሩ አስቀድሞ መጻፉ ነው። የተጻፈ ቁጥር ሲኖር ተማሪው «ይገባኛል ወይ?» አይልም፤ «መቼ ይመቻል?» ነው የሚለው። አንቺም ከሁለተኛው ጥያቄ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ «ናሙናውስ?» ልመለስ።

ዶክተሩ የሚፈሩትን ተረጂላቸው። ጣና ሰኔ ላይ የሚቀዳው ውሃና መስከረም ላይ የሚቀዳው አንድ አይደለም። አንዱ ሐይቁ ሲጎድል ነው፣ ሌላው ክረምቱ ወንዞቹን ደለል አስይዞ ካስገባ በኋላ ነው። ዓመቱን በየወሩ ስትከታተዪ አንድ ወር ብትዘልዪ ቀዳዳ ነው፤ ያ ወር ተመልሶ አይመጣም። መመረቂያ ጽሑፍሽን ስታቀርቢ ፈታኙ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚያ ቀዳዳ ላይ ነው። አማካሪሽ ይህን አይተው የሚሰጉ ከሆነ ላንቺም ነው የሚሰጉት።

ግን ናሙና የምትቀጂው በወር ሁለት ቀን ነው። ወሩ ደግሞ 30 ቀን ነው። እስቲ ካላንደር አውጪና አብረን እንቁጠር።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ እሑድ ነው። የወሩ መጀመሪያ ናሙናሽ ከስቅለትና ከፋሲካ ጋር ይጋጫል። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ማስቀደም ነው። ሰኞና ማክሰኞ፣ መጋቢት 21 እና 22፣ በጀልባ ትወጫለሽ። ውሃው ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ የምትለኪበት ጠርሙስ በ20 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን መቀመጥ አለበት። የማክሰኞውን እሑድ፣ መጋቢት 27፣ ታነቢዋለሽ። ዕለቱ ሆሳዕና ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላብ ጎራ ማለት ነው። ሌላው ልኬት በዚያው ሳምንት ያልቃል። ሰኞ መጋቢት 28 ሻንጣሽን ይዘሽ መናኸሪያ ነሽ። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 7 ብትቆጥሪ ልክ 10 ቀን ነው። በፍሪጅ የቀረ፣ በኢንኩቤተር የተረሳ ነገር የለም። ሰሞነ ሕማማትን ከእናትሽ ጋር ትሰግጃለሽ። ለሐሙስ ጉልባኑን አብረሽ ትቀቅያለሽ።

ሁለተኛው ማዘግየት ነው። ሄደሽ ትመለሻለሽ፤ ሚያዝያ 8 እና 9 ትወጫለሽ። ከወትሮው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው የሚዘገየው። የትኛው ለመረጃው ይሻላል? ይህን ከኔ ይልቅ ዶክተሩ ያውቃሉ። እኔ የምለው ሁለቱንም ይዘሽ ግቢ ነው። ባዶ እጁን «ልሂድ?» ለሚል ሰው እምቢ ማለት ቀላል ነው። ሁለት አማራጭ ይዞ «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን ሰው ግን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ይመጣል።

ስለ አጠያየቁም አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቀየሚኝ። የጠየቅሽው አንዴ ነው። ኮሪደር ላይ ነው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እሳቸውም ወደ ክፍል እየገቡ ነበር። ስለ አያትሽስ ነገርሻቸው? በደብዳቤሽ ላይ «ለበዓሉ» ብዬ ጠየቅኩ ነው ያልሽው። ተዝካር እንዳለብሽ፣ ያሳደገችሽ ሴት እንደሞተች ያውቃሉ? ካላወቁ እምቢ ያሉት ለአያትሽ ተዝካር ሳይሆን ለአንድ የዓመት በዓል ጉዞ ነው። በሐዘንሽ ላይ እንደጨከኑ አድርገሽ ይዘሽባቸው ከሆነ፣ እስቲ ይህን ቀዝቀዝ ብለሽ አስቢው።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ ገና ሳምንታት እየቀሩ፣ ጻፊላቸው። በስልክ መልእክትም ይሁን በኢሜይል፣ ብቻ ጽሑፍ ይሁን። ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ኅዳር ላይ ያሳደገችኝ አያቴ አርፋ ነበር። ቤተሰቤ ጋ ተቀምጬ ሐዘኔን አልተወጣሁም፤ ተዝካሯም አለፈኝ። ለፋሲካ ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 7 ዳንግላ መሄድ እፈልጋለሁ። የሚያዝያውን ናሙና መጋቢት 21 እና 22 ቀድሜ ልወስደው ወይም ሚያዝያ 8 እና 9 ልወስደው እችላለሁ። ለጥናቱ የትኛው ይሻላል ይላሉ? በሚመችዎ ቀን ቢሮ መጥቼ ላስረዳዎት።»

እዚህ መልእክት ውስጥ ልመና የለም፣ ፉከራም የለም። «ይቅርታ» የሚል ቃል እንኳ የለበትም። እንዳትጨምሪበት እለምንሻለሁ። ላብ አብሮሽ የሚሠራ ሰውም አስቀድመሽ አናግሪ። ሙስሊም ጓደኛ ካለሽ በዒድ ቀን አንቺ የሱን ሥራ ትይዢለታለሽ፣ በፋሲካ እሱ ያንቺን ያይልሻል። ሰሌዳው ላይ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። ለኋላው ተማሪም ልማድ ሆኖ ይቀራል።

እምቢ ቢሉስ? ምክንያቱን ጠይቂ። «የትኛው ቀን ይሻላል?» በዪ። ቀኑን ማዛወር ከሆነ ተደራደሪ። አሥሩ ቀን ሰባት ቢሆንም ሰባት ቀን ትልቅ ነው። ጭራሽ «ተማሪ እረፍት የለውም» ከሆነ መልሱ፣ ሁለተኛ አማካሪ ካለሽ እሱን አማክሪ። ከዚያ አስተባባሪው፣ ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊው አሉ። የጻፍሽው መልእክት እዚያ ጊዜ ይጠቅምሻል። እዚያ እንደማይደርስ ግን ተስፋ አለኝ።

እፍረቱን በተመለከተ ከራሴ አንድ ነገር ላካፍልሽ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ሁለት ፋሲካ ሳልሄድ ቀረሁ። አማካሪዬ እንዲህ ናቸው፣ እንዲያ ናቸው እያልኩ ለሰው ሁሉ አማሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ፈርቼ ብቻ አልነበረም። እቤት ስሄድ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» የሚለውን ጥያቄ እየሸሸሁ ነበር። ያልጨረሰ ሰው ዘመድ ፊት መቆም ይከብደዋል። ሥራው መደበቂያ ሆኖኝ ነበር።

አንቺም «መንገዱ ሲከፈትም አልሄድኩም» ብለሻል። ዶክተሩ ገና ሳይከለክሉሽ በፊት ማለት ነው። ምን ነበር ያስቀረሽ? እንደኔ ያው ጥያቄ ነው? «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚለው ነው? ወይስ አያትሽ የሌለችበትን ቤት ማየት? ለኔ መልስ መስጠት የለብሽም። ግን የመጨረሻው ከሆነ፣ አሥሩን ቀን ከዶክተሩ ብታገኚም መሄዱ ሊከብድሽ እንደሚችል ከአሁኑ እወቂው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰላም ላታገኚ ትችያለሽ። መደቧ ባዶ ሆኖ ታዪዋለሽ። ያኔ «መምጣቴ ስህተት ነበር» ብለሽ ላፕቶፕሽን እንዳትከፍቺ። ላፕቶፑን ባትወስጂው እመርጣለሁ። የምትወስጂ ከሆነም ዶክተሩ ለሚልኩት አስቸኳይ ነገር ብቻ፣ በቀን አንድ ሰዓት ወስነሽ ይሁን።

እስከዚያው ደግሞ የየሳምንቱ እረፍት አለ። ሠራተኛ በሕግ በሳምንት 24 ሰዓት ካረፈ አንቺ በገዛ እጅሽ ለራስሽ የማትሰጪበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ቀን ምረጪ። ሲመሽ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሐይቁ ዳር ሄደሽ ተቀመጪ። ጠርሙስ አትያዢ። ታንኳዎቹ ሲመለሱ እዪ፤ የተሠሩበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ ከኋላ ዝቅ ብሎ ይመጣል። የቆረሶ ዓሣ ጥብስም ካለ ብዪ። ናሙና የማይቀዳበት ጣናም አለ።

ለእናትሽ ግን የዶክተሩን እሺታ ሳትጠብቂ ዛሬ ማታ ደውዪላት። ቀኑን ገና አትንገሪያት፣ እርግጠኛ ስትሆኚ ይደርሳል። ስለ ተዝካሩ ጠይቂያት። ማን ማን መጣ? ድንኳኑ የት ተጣለ? ጠላውን ማን ጠመቀ? ያንን ድፎስ ማን ጋገረው? ቀስ ብላ ትንገርሽ። ካርድ በደንብ ሙዪ።